የላዳ እጅና የኮሮላ ኩሽኔታ፦ «በቤት አይነካም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በስልክ ሲዘዋወር እኔም ጋ ደረሰ። የላከልኝ ጓደኛዬ ነው። «ስላንተ ነው የጻፉት» ብሎ ሳቅ ጨምሮበታል። ጸሐፊው በመካኒክነት ከሠላሳ ዓመት በላይ መቆየታቸውን ይናገራሉ። ሥራውን የለመዱት በላዳ ታክሲ እንደሆነ በኩራት ጽፈዋል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የፊት አክስል፣ ማለትም ከካምቢዮ ወደ ፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ፣ እንዲሁም የጎማ ኩሽኔታ በግቢው የሚቀይር ሰው በገንዘቡ ወይም በነፍሱ እየቀለደ ነው።

ስድስት ምክንያት አቅርበዋል። ተራ ሰው ድምፁን አይለይም። መሣሪያው ከእጅ ዋጋው ይበልጣል። የአክስሉ ዳዶ በአየር መፍቻ ተፈትቶ በአየር መፍቻ ነው የሚታሰረው። ኩሽኔታ በለመደ እጅና በመዶሻ ይገባል እንጂ የመጽሐፍ ነገር አይደለም። መታጠፊያውን የሚሸፍነው ላስቲክ የተቀደደ አክስል ጊዜ ሳይፈጅ በስልባጅ ይለወጣል። በመጨረሻም መኪናው ይወድቅብሃል።

ከስድስቱ አንዱን እንዳለ እቀበላለሁ። አንዱን ደግሞ ግማሹን። በቀሩት ግን አንስማማም።

አንተ ማን ነህ ለሚለኝ፣ መካኒክ አይደለሁም። የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ያለኝ 2005 ሞዴል ኮሮላ፣ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ጠፍጣፋ ግቢና የቅዳሜ ከሰዓት ነው። የሁለቱንም ጎን አክስል ራሴ ቀይሬያለሁ። የፊት ኩሽኔታ ሦስት ጊዜ ተቀይሮልኛል፤ አንዱ በጋራዥ፣ ሁለቱ በአብዛኛው በእኔ እጅ። የጋራዡን ታሪክ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ከድምፁ እንጀምር። የኩሽኔታን፣ የጎማንና የአክስልን ጩኸት ለመለየት መኪናው ሊፍት ላይ መውጣት አለበት ይላሉ ጸሐፊው። እኔ ደግሞ ሊፍት ለዚህ ብዙም የሚጠቅም አይመስለኝም። ኩሽኔታ የሚናገረው ክብደት ሲያርፍበት ነው። አየር ላይ የተንጠለጠለ ጎማ ምን ክብደት አለው? ኩሽኔታው ጨርሶ ያለቀ ካልሆነ በቀር ዝም ይላል። የሚያናግረው መንገዱ ነው።

ወደ አዳማ በሚወስደው የክፍያ መንገድ ወይም በሌላ ለስላሳ አስፋልት ውጡ። ሬዲዮውን ዝጉ። ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ስትሆኑ «ህምምም» የሚል፣ ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ድምፅ ካለ እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ። ሞተሩ ሲረጋጋ ድምፁ እንዳለ ከቀጠለ ነገሩ ከሞተር አይደለም። ከዚያ መንገዱ ባዶ መሆኑን አይታችሁ መሪውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራ፣ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ቀኝ። ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ይወድቃል። ያኔ ከባሰበት ተጠርጣሪው ቀኙ ነው።

አስፋልቱ ሲለወጥ ድምፁም አብሮ የሚለወጥ ከሆነ ጎማውን ጠርጥሩ። የፊቱን ከኋላው አቀያይሩ። ጩኸቱ ወደ ኋላ ከሄደ ኩሽኔታው ነፃ ነው። አንድ ጎረቤቴ ይህን ሳያደርግ ሁለት ኩሽኔታ አስቀየረ፤ ጩኸቱ ግን ከነግርማው ቁጭ። ጎማው ነበር። ላዩን በእጅ ሲዳስሱት እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ያስቀየረው ጋራዥ ነው፤ ሊፍትም ነበረው።

አክስል ደግሞ ከሁለቱም ጋር አይመሳሰልም። መሪውን ጥግ ድረስ አጥፋችሁ ነዳጅ ስትሰጡ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ የውጪው ጆይንት ነው፤ ጎማው አጠገብ ያለው የአክስሉ መታጠፊያ ማለት ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ ነዳጅ ስትሰጡ መኪናው ከተንቀጠቀጠና ስትለቁ ከተወ፣ በካምቢዮው በኩል ወዳለው ውስጠኛው ጆይንት አስቡ። ይህን ለመስማት ጆሮና ባዶ ሜዳ ይበቃል።

ግቢ ስትገቡ የምታረጋግጡበት መንገድም አለ። ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ፣ ከሥሩ ድጋፍ አድርጋችሁ፣ በአንድ እጅ አሽከርክሩ፤ ሌላው እጃችሁ የሾኩን ሞላ ይያዝ። ያለቀ ኩሽኔታ በሞላው በኩል አሸዋ የሚፈጭ ያህል ይሰማል። ጆሮ ያልሰማውን መዳፍ ይሰማዋል። ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ አንቀርቅቡት። ከተንቀረቀበ ወይ ኩሽኔታ ነው ወይ የታችኛው ቴስቲና፣ ማለትም ኳስ ያለው መገጣጠሚያ። በግራና በቀኝ ተይዞ ብቻ የሚንቀረቀብ ከሆነ የመሪው ቴስቲና ነው፤ ኩሽኔታ ልትገዙ አትሩጡ።

መሣሪያው ከእጅ ዋጋው ይበልጣል ለሚለው ብዙ አልቆይም። ለአንድ ጊዜ ሥራ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ማነው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራው? 30 ቁጥር ሶኬት መፍቻ፣ ረጅም ማንሻ፣ ጥሩ ክሪክ፣ ሁለት የብረት ድጋፍ፣ መሮና መዶሻ። ከእነዚህ ውስጥ ለአክስል ብቻ የሚሆነው 30 ቁጥሩ ነው። የቀረው ለፍሬን ሸራም ለሾክም ይሆናል። ዳዶ ስንት እንደጠበቀ የሚለካውን ቶርክ ቁልፍ ውጭ አገር ያለ የአክስቴ ልጅ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ፤ አሁን ለሰፈሩ ሁሉ እየዞረ ያገለግላል። በዚያ ላይ መንግሥት በ2024 (እ.ኤ.አ.) በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ይቺ ኮሮላ ከእኔ ጋር ማርጀቷ ነው። ዋጋ አልጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይሳቅበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ጸሐፊው ስለ ዳዶው ሲጽፉ እንዲህ ያለ ነገር ተናግረዋል፦ አየር መፍቻው ያጠብቀዋል፣ ትንሽ ካጠበቀ ደግሞ የመካኒክ እጅ ያውቀዋል፤ ቁጥር የሚያስፈልገው እጁን ለማያምን ነው።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ይህ አነጋገር ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። አባቴ ላዳ ታክሲ ነበራቸው፤ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው። እሑድ እሑድ የፊት ጎማዋን አውልቀው ኩሽኔታዋን ግራሶ ሲቀቡ አጠገባቸው ቁጭ እል ነበር። ላዳ የተሠራችው በፊያት 124 መነሻነት ነው። የምትነዳው በኋላ ጎማዋ ነው። ፊቷ ላይ አክስል የሚባል ነገር የለም። ጎማዋን የሚይዙት ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ናቸው፤ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ። አባቴ ዳዶውን ጎማውን እያሽከረከሩ ያጠብቁታል። ከዚያ ትንሽ መልሰው ይለቁታል። «ይተንፍስ» ይሉ ነበር። ትክክል ነበሩ። የላዳ ኩሽኔታ እጅግ ካጠበቁት ይቃጠላል። ትንሽ ክፍተት ይፈልጋል፤ ክፍተቱን የሚያውቀው ደግሞ እጅ ነው።

ኮሮላ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ቶዮታ ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮሮላን በፊት ጎማ ወደሚጎተት አሠራር ማዞር ያዘ። በእኔዋ ፊት ያለው አንድ ወጥ ኩሽኔታ ነው። በውስጡ ሁለት ረድፍ ብዮች አሉ። የውስጥ ቀለበቱ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሁለቱን ግማሾች አጣብቆ የሚይዛቸው ምንድን ነው? ያ የአክስሉ ዳዶ! ዳዶው አክስሉን ብቻ የሚይዝ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። እሱ ግን ኩሽኔታውንም አጣብቆ ነው የሚያኖረው። ላላ ማለት ቀለበቶቹ ተላቀቁ ማለት ነው። «ይተንፍስ» የሚባል ነገር እዚህ የለም። ለላዳ ትክክል የነበረው ለኮሮላ መርዝ ነው።

ለዚህ ነው ምን ያህል እንደሚጠብቅ ቁጥር የተጻፈለት። በእኔዋ ኮሮላ 216 ኒውተን ሜትር ነው። ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በተጋደመ መፍቻ እጀታ ላይ፣ ከዳዶው መሃል 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ በራቀ ቦታ፣ በሙሉ ክብደቱ ሲቆም የሚሰጠው የማዞር ኃይል ነው። የጎማው ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከግማሽ በታች። ከጠዋት እስከ ማታ የጎማ ዳዶ የሚያጠብቅ እጅ ይህንን በስሜት ይደርስበታል ብዬ አላምንም። አየር መፍቻም ቢሆን ያጠብቃል እንጂ ስንት እንዳጠበቀ አይነግርህም። አንዳንዱ ያልፋል፣ አንዳንዱ ኮምፕሬሰሩ ደክሞ ከግማሽ ይቀራል። ድምፁ ግን ሁሌም ያው «ድርርር» ነው።

መፍታቱም ቢሆን ያለ አየር መፍቻ ይቻላል። የዳዶው ከንፈር በአክስሉ ጎድጓዳ ውስጥ ተመትቶ የገባ ነው። መጀመሪያ እሱን በመሮ ማቃናት። ይህን የዘለለ ሰው የአክስሉን ጥርስ ይልጣል፤ ከዚያ አዲስ አክስል ይገዛል። ቀጥሎ ልጄ ፍሬን ይረግጥልኛል፣ እኔ በማንሻው ላይ ቱቦ አስገብቼ ወደ ታች እጫናለሁ። «ጭው» ይልና ይላቀቃል። ስንመልስ ዳዶው አዲስ ይሆናል፤ በቶርክ ቁልፍ ከጠበቀ በኋላ ከንፈሩ እንደገና ወደ ጎድጓዳው ይመታል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር፦ ዳዶው ወልቆ ወይም አክስሉ ወጥቶ ሳለ መኪናውን መሬት ላይ አታሳርፉት፣ አትግፉትም። «ለዛሬ ወደ ጥግ እንግፋትና ነገ እንጨርሳለን» የሚባለው ነገር አዲስ ኩሽኔታ በልቷል። ብዮቹን አጣብቆ የሚይዝ ነገር በሌለበት ክብደት ስታሳርፉባቸው ቀለበቱን ይጎዱታል። ጸሐፊው ይህን አንድም ቦታ አላነሱትም። ሠላሳ ዓመት ለሠራ ሰው የተዘነጋ ነው ብዬ ልለፈው።

ወደ መዶሻው ልሂድ። ጸሐፊው ኩሽኔታ በለመደ እጅ፣ በመዶሻና በአሮጌ ኩሽኔታ ቀለበት ተመትቶ ይገባል ይላሉ። ስለዚህ ለቤት ሥራ አይመችም፣ ለጋራዥ ግን ቀላል ነው ይሉናል። ግማሹን እቀበላለሁ፦ ኩሽኔታውን ማስገባት የግቢ ሥራ አይደለም። ግን በመዶሻ ከሆነ የጋራዥም ሥራ አይደለም።

እዚህም ላዳ አለች። የላዳ ኩሽኔታ ተለያይቶ የሚመጣ ነው። የውጭ ቀለበቱ ለብቻው ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሮለሮቹ የሉበትም። በመዳብ ወይም በለስላሳ ብረት አሳርፈህ ዙሪያውን ኳ ኳ ብታደርገው ማንም አይጎዳም። የአሁኑ ግን ታሽጎ ነው የሚመጣው። ጎማው የሚታሰርበትን ሀብ ወደ ውስጥ ቀለበቱ ስትመታ ከሥር የተደገፈው የውጭ ቀለበቱ ብቻ ከሆነ፣ ምቱ የሚሄደው በብዮቹ በኩል ነው። ሌላ መንገድ የለውም። እያንዳንዱ ብይ በሚሮጥበት ቦይ ላይ በዓይን የማትታይ ጉድጓድ ይተዋል። ያን ቀን ምንም አይሰማም። ጎማውን ብታሽከረክሩት ቅቤ ነው።

አሁን ታሪኬን ልንገራችሁ። የግራ ኩሽኔታዬ የመጀመሪያ ጊዜ ሲያልቅ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩ። ስሙን አልጠራም። አንድ ልጅ ናክሉን፣ ማለትም ኩሽኔታውን የተሸከመውን ትልቁን ብረት፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ሀቡን በትልቁ መዶሻ ሦስት አራት ጊዜ አላጋው። ገባ። «አለቀ ጋሼ» አለኝ። እውነትም መኪናው ጸጥ አለ። ደስ ብሎኝ ጉርሻ ሰጠሁት። ወር ሳይሞላ ያው «ህምምም» መጣ። ተመልሼ ስሄድ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ተባልኩ። ሊሆን ይችላል፤ ፎርጅድ ሞልቷል። እኔ ግን መዶሻውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለቱን ያሠራሁት እንዲህ ነው። ቤቴ ናክሉን እስከነ ሀቡ ነቀልኩ። ጎማው ከወለቀ በኋላ የፍሬን ሸራውን የያዘው ካሊፐር ይፈታል፤ በሽቦ ከሞላው ላይ ይንጠለጠላል እንጂ በፍሬኑ ቱቦ አይተውም። ዲስኩ ይወጣል። ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው፣ ካለው ሴንሰሩ በርጋታ። ቀጥሎ የመሪው ቴስቲና፣ የታችኛው ቴስቲና፣ መጨረሻ ላይ ከሾኩ ጋር የሚያገናኙት ሁለት ወፋፍራም ብሎኖች። ብሎኖቹን ከመፍታቴ በፊት የነበሩበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌያለሁ። ጎማው የቆመበት አቋም የሚወሰነው እዚያ ነውና።

ናክሉን በፌስታል አድርጌ ሃይድሮሊክ ፕሬስ (በዘይት ግፊት የሚጫን ማሽን) ወዳለው ቶርኖ ቤት። በቃ። የግቢው ሥራ እዚህ ላይ ቆሞ የማሽኑ ሥራ ይጀምራል፤ ለእኔ ድንበሩ ይህ ነው። የሚከፈለው ለፕሬሱ ብቻ ስለሆነ ኪስ አይጎዳም።

ግን አስረክባችሁ ሻይ ለመጠጣት እንዳትሄዱ። ቆማችሁ እዩ። ሀቡ ተገፍቶ ሲወጣ የኩሽኔታው ግማሽ የውስጥ ቀለበት ብዙ ጊዜ ከሀቡ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። እሱ በመጎተቻ ይወጣል፤ ካልሆነ በመቁረጫ በስሱ ተቆርጦ በመሮ ይሰነጠቃል። ቆራጩ ሀቡን ከነካው ሀቡ ተበላሸ። ከዚያ በናክሉ ውስጥ ያለው መያዣ ቀለበት በፒንሳ ይወጣል። ይህን ሳያወጣ ፕሬሱን የጫነ ሰው አይቻለሁ፤ ፕሬሱ አቃሰተ፣ ሰውየው ጨመረ፣ ቀለበቱ ተቀነጠሰ።

አዲሱ ሲገባ የሚጫነው የውጭ ቀለበቱ ብቻ ነው። ሀቡ ሲገባ ደግሞ ከሥር የሚደገፈው የውስጥ ቀለበቱ ነው። ይህን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለቶርኖ ባለሙያው ሳልናገር አልቀርም። ብዙዎቹ «እናውቃለን» ብለው ይስቃሉ። ይሳቁ። አንደኛው ግን ደጋፊውን ብረት ቀይሮ ሲያስቀምጥ አይቼዋለሁ፤ አልተነጋገርንበትም። መያዣ ቀለበቱ ወደ ቦታው መመለሱንም በዓይናችሁ አረጋግጡ። አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ደግሞ የኤቢኤሱ ማግኔት ከኩሽኔታው አንድ ጎን ላይ አለ። ቀጭን የወረቀት መያዣ ሽቦ አስጠጉ፤ የሚስበው ጎን ወደ ሴንሰሩ ነው የሚዞረው። ተገልብጦ ከገባ መብራቱ በርቶ ይቀራል፤ ማስተካከያው ሌላ ኩሽኔታ መግዛት ነው።

ጸሐፊው ከመዶሻው ጋር «አዲሱን ኩሽኔታ ግራሶ ማጥገብ» የሚልም ጨምረዋል። ይህም ከላዳ የተረፈ ልማድ ነው። በሁለቱም በኩል የታሸገ ኩሽኔታ ግራሶው ውስጡ አለ። ሽፋኑን በካቻቢቴ ከፍቶ መጨመር አቧራ መጋበዝ ነው።

ስለ አክስሉ የጻፉት ላይ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ሽፋኑ የተቀደደው መቼ ነው የሚለው ነው። የላስቲክ ሽፋኑ ትናንት ተቀዶ ግራሶው ቸርኬው ላይ ከተረጨ፣ ጆይንቱም ገና ካልጮኸ፣ አክስሉን መጣል ለምን? ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ለጆይንት የተሠራው ጥቁሩ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ ተሞልቶ፣ አዲስ ሽፋን ይለብሳል። ከዚያ በኋላ ዓመታት ይሄዳል። ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ግን አሸዋው ሥራውን ሠርቷል፤ ግራሶ አያድነውም። ያኔ ይቀየር።

በስልባጅ ይቀየር ማለታቸው ላይ አልጣላም። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ኦሪጅናል አክስል ገዝቻለሁ፤ እስካሁን ይሠራል። ከርካሽ አዲስ ይልቅ ጥሩ ያገለገለ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ግን አይቶ ነው። የውጪውን ጆይንት በእጅ ይዞ ማጠፍ፤ መያዝና መልቀቅ ካለው አይሆንም። ርዝመቱን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ማስተኛት፣ የጥርሱን ቁጥር መቁጠር። ኤቢኤስ ያለው መኪና ከሆነ በጆይንቱ ላይ ያለው የጥርስ ቀለበት መኖሩንም ማየት። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ርዝመቱን ሳልለካ ገዝቼ በማግስቱ መርካቶ ተመለስኩ። ሻጩ ደግ ሰው ሆኖ ለወጠልኝ።

የሠራሁትን ስህተትም ልናገር፤ አለበለዚያ ጸሐፊውን ብቻ የወቀስኩ ይመስላል። የመጀመሪያውን አክስል ሳወጣ የውጪውን ጫፍ ይዤ ጎተትኩ። በኃይል። «ቧ» ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ። ሳየው የወጣው ግማሹ ነው። ውስጠኛው ጆይንት ተላቅቆ ዋንጫው ካምቢዮው ላይ ቀርቷል፣ ግራሶው ሸሚዜ ላይ። አክስል በመጎተት አይወጣም። ከካምቢዮው አጠገብ፣ በዋንጫውና በካምቢዮው መካከል ረጅም ብረት አስገብቶ አንድ ጊዜ ማንሳት ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ሽቦ መሰል ቀለበት ትለቃለች። ሲመለስ የዚያች ቀለበት ክፍት አፍ ወደ ታች ይሁን፤ በቀላሉ ትገባለች። ጥርሱ የዘይት ሲሉን እንዳይጭረው በእጅ ደግፎ ቀጥ አድርጎ ማስገባት። አክስሉ ከወጣ አይቀር ሲሉን መቀየር ነው፤ ርካሽ ነው፤ ነገ ለሱ ብላችሁ ሁሉንም አትፈቱም። የፈሰሰውን የካምቢዮ ዘይት ለክታችሁ መልሱ። ጫፉ ከሀቡ አልወጣ ካለ ደግሞ አሮጌውን ዳዶ እስከ ጫፉ አስገብታችሁ እሱን ምቱ። ባዶውን ጥርስ የመታ ሰው ዳዶ ሊያስገባ ሲል ይጸጸታል።

የመጨረሻው ምክንያታቸው፣ መኪናው ይወድቅብሃል የሚለው። ይህን እንዳለ እቀበላለሁ። እንዲያውም አሳንሰው ነው የጻፉት። በየግቢው የማየው ብሎኬት ያስፈራኛል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ግድግዳ ይሸከማል፣ ግን የመኪና ክብደት በአንድ ነጥብ ሲያርፍበት ምንም ሳይናገር ይፈረካከሳል። ድንጋይም ይንሸራተታል። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም፤ ዘይቱ ካለቀሰ ቀስ እያለ ይወርዳል። እግር ያለው የብረት ድጋፍ ከሌላችሁ ይህን ሥራ አትጀምሩ። የኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረግላቸው፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። የወለቀውን ጎማ ከመኪናው ሥር አጋድማችሁ አስቀምጡት፤ ምናልባት ድጋፉ ቢከዳ እሱ ይይዛል። ሥሩ ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጉት። የሚወድቅ ከሆነ አሁን ይውደቅ። ኮብልስቶን ላይ፣ ተዳፋት ላይ፣ ሐምሌ ጭቃ ላይ ከሆነ ግን ሰውየው ትክክል ናቸው፤ ወደ ጋራዥ ሂዱ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪም ጎረቤት ልጆች በሚሮጡበት ግቢ መኪና አንጠልጥሎ ምሳ መብላት የለበትም።

ሲጨርሱ አንድ ነገር ጽፈው ነበር፦ «በቤት የሠራችሁ ሁሉ አላይመንት ለማስተካከል መምጣታችሁ አይቀርም።» እንደ ፌዝ ነው የጻፉት፤ እውነት ግን ነው። ሁለቱ የሾክ ብሎኖች ከተነኩ ምልክቱ ቢቀራርብም በትክክል አይመለስም። እኔም ቅዳሜ ከሠራሁ ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት አላይመንት ቤት ነኝ። የጎማውን ዳዶዎች ከጥቂት ቀን በኋላ በቶርክ ቁልፉ እደግማቸዋለሁ፤ ትንሽ የምትላላ አንዷ አትጠፋም። የአክስሉን ዳዶ ግን አልነካውም፤ ከንፈሩ ተመትቶ ተዘግቷል። ከዚያ ሬዲዮውን ዘግቼ ወደ አዳማ መንገድ።